የካሜራ ክለብ መግባት ፎቶግራፋችንን ያሻሽለዋልን?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠኝ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ቆጣሪ ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ መጓዝ ለታክሲ ነጂ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የወገን ጉዳይ ስለሆነ የዛሬውን በነጻ አድርሳችኋለሁ።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ስለ ማኅበሩ የፎቶግራፍ ክምችት ስንወያይ ሁለት ሐሳቦች ተነሥተው ነበር። አንደኛው ወገን «ፎቶ ማንሣት የሚወዱ ወጣቶቻችን እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ካሉት የካሜራ ክለቦች ገብተው ይማሩ» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ዛሬ ስልኩም ዩቲዩቡም በእጃችን ነው፤ የካሜራ ክለብ የጡረተኞች ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም» ሲል ተከራከረ። እኔ ከነዚሁ ክለቦች በአንዱ ውስጥ 9 ዓመት አባል ሆኜ በመቆየቴ ያየሁትን እንድናገር ታዘዝኩ።

መልሴን መጨረሻ ድረስ ደብቄ አላቆያችሁም። በእኔ አስተያየት ክለብ መግባት ፎቶግራፍን ያሻሽላል፤ ነገር ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያሻግረን ክለቡ ሳይሆን በፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው የሚያውቅ ዓይን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

«እንዲህ ባለው ቀን ስለ ፎቶ ማውራት ምን ይባላል? ስለ ልጆቻችን ትምህርት ወይም ስለ መኖሪያ ፈቃድ ቢወራ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ለቅሶ ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ከሻማው አጠገብ የሚቀመጠውን ፎቶ አስተውላችሁታል? ብዙውን ጊዜ ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከፓስፖርት ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ ፎቶ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳሉ በየሠርጉና በየክርስትናው፣ በየልደቱም ሁሉ ተነሥተዋል። በልጆቻቸው ስልክ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ። ነገር ግን ፊታቸው ጠቁሯል፣ ወይም ግማሹ ተቆርጧል፣ አለበለዚያም በ15 ሰው መሐል ጠፍተዋል። በመጨረሻ የሚገኘው የመንግሥት ቢሮ ያነሣቸው ፎቶ ብቻ ይሆናል።

በስደት ያረጁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ለልጅ ልጆቻቸው የሚተርፍ መልክ እንዲኖራቸው ከፈለግን ፎቶ አነሣሣችን መሻሻል አለበት። ክለብ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ጥያቄ የማየው ከዚህ አንጻር ነው።

የክለብ አሠራር

የካሜራ ክለብ የቆየ ነገር ነው። የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን ዛሬም የንጉሣዊ ፎቶግራፍ ማኅበር በሚል ስም ይሠራል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካም ብዙ ክለቦችን በአባልነት ያቀፈው የአሜሪካ ፎቶግራፍ ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1934 ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ።

አሠራራቸው ከክለብ ክለብ እምብዛም አይለያይም። አባላት በወር አንድ ወይም ሁለት ምሽት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሰበሰባሉ። አንዱ ምሽት ለትምህርት፣ ሌላው ለውድድር ይውላል። ለውድድሩ «እጅ»፣ «ድልድይ»፣ «ዝናብ» የመሳሰለ ርዕስ አስቀድሞ ይሰጥና እያንዳንዱ አባል ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ያቀርባል። ዳኛው ከውጭ የተጋበዘ ሰው ነው። መብራት ይጠፋል፤ ፎቶው ከግድግዳው ላይ ይወጣል፤ የማን እንደሆነ አይነገርም። ዳኛው ያየውን ጥንካሬና ጉድለት ተናግሮ ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፎቶውን ያነሣው ሰው በጨለማው ውስጥ አፉን ዘግቶ ይሰማል።

ክለብ የሚሰጠው

የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይኸው ዝምታ ነው። ለወዳጃችን ፎቶ ስናሳይ ሁልጊዜ አብረን እናወራለን፦ «ይኸ የመጣች ዕለት ነው፤ እንባዋ እኮ የደስታ ነው፤ ከኋላ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው» እንላለን። ሰሚው ፎቶውን ሳይሆን ታሪኩን እያየ «ወይ ጉድ!» ይላል። ክለብ ውስጥ ግን ታሪኩን መንገር አይፈቀድም። እንባው ከፎቶው ላይ ካልታየ የለም ማለት ነው። ፎቶ ከ50 ዓመት በኋላ ለብቻው እንደሚቀርና ከጎኑ ቆመን ልናስረዳለት እንደማንችል በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በደንብ ይገባል።

ሁለተኛው መምረጥ ነው። ካነሣነው 300 ፎቶ ውስጥ ሁለቱን አውጡ ስንባል 298ቱን መጣል አለብን። ስልክ የሚያስተምረን ማከማቸትን ነው፤ ክለብ ደግሞ መጣልን ያስተምራል።

ሦስተኛው ከሌላው ሰው መስማት ነው። ከሙያዬ ምሳሌ ልስጥ። ሁልጊዜ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ብቻ ወደ ቨርጂኒያ የሚሻገር ሾፌር 20 ዓመት ቢነዳም የሚያውቀው ያንኑ ድልድይ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቡናውን ይዞ ከሾፌሮች ጋር የሚከራከር ሰው ግን ሌሎቹን ድልድዮች፣ የሚዘጉበትን ሰዓትና የአቋራጩን መንገድ ሁሉ ይሰማል። ዩቲዩብ ጥሩ መምህር ቢሆንም የእኛን ፎቶ አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ሊለን አይችልም። እሱ ይናገራል እንጂ አያይም።

አራተኛው የእጅ ሙያው ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ፊዚክስ ስማር ስለ ብርሃን ብዙ ቀመር አጥንቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ትምህርቱን ሳልጨርስ ብመጣም ቀመሩ አልጠፋኝም ነበር። ቀመሩን ከነጠላ ጋር ያገናኘልኝ ግን አንድ የሠርግ ፎቶ ሲያነሡ ኖረው ጡረታ የወጡ የክለባችን አባል ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ አድርጎ ይገምታል። እናቶቻችን በጥምቀት ቀን በነጭ ሀገር ልብስ ቆመው ስናነሣቸው ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ አይቶ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፤ ፊታቸው ደግሞ ጨርሶ ይጨልማል። ብርሃን ስንጨምር ፊታቸው ይወጣል፣ የጥበቡ ክር ግን ይጠፋል። የዘመኑ ስልኮች ፊት ፈልገው ስለሚያስተካክሉ ችግሩ ቀንሷል፤ ግን አልተወገደም።

መፍትሔው ውድ ካሜራ አይደለም። እማማን ከቀትር ፀሐይ አውጥተን በር ወይም መስኮት አጠገብ ጥላ ውስጥ እናስቀምጣቸው፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከኋላቸው ነጭ ግድግዳ ወይም ክፍት ሰማይ አይሁን። ብርሃኑን ከልብሱ ላይ ሳይሆን ከፊታቸው ላይ እንለካ፤ በስልክ ከሆነ መስታወቱ ላይ ፊታቸውን በጣት መንካት ይበቃል። ፈረንጁ ሽማግሌ ይህን የተማሩት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራና ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ጎን ለጎን ሲያነሡ በመኖራቸው ነው። ለእኔ ደግሞ ለነጠላና ለጋቢ ሆነልኝ።

እንግዲህ ክለብ አይጠቅምም የሚለው ወገን ይህን ሁሉ ሊመዝን ይገባዋል።

ክለብ የማይሰጠው

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ልሻገር። አንድ ሰው ክለብ ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ የዳኞቹን ወግ ያውቀዋል። ዋናውን ነገር መሐል አታድርግ፤ ጠርዝ ላይ የሚያበራ ነገር አይኑር፤ ሰው ሲነሣ ካሜራውን አይመልከት፣ ተደርድሮም አይቁም። እነዚህ ምክሮች በየቦታቸው ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ነጥብ ሲቆጠርባቸው ሕግ ይሆናሉ፤ ሰውየውም ዳኛውን ለማስደሰት ማንሣት ይጀምራል። በዚህን ጊዜ ነጥቡ ከፍ ቢልም ፎቶው ግን አይሻሻልም።

የእኛን የፎቶ ቤት ወግ እስቲ አስቡት። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገቡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሲሠሩ፣ በኋላም በየከተማው ፎቶ ቤት ሲከፈት፣ ሰው ፎቶ የሚነሣው ክት ልብሱን ለብሶ፣ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ ነበር። የክለብ ዳኛ ይህን «ደረቅ» ይለዋል። ለእኛ ግን ያ አቋቋም ክብር ነው። አያቶቻችን ለፎቶ የቆሙት ለሚወዱት ሰው ለመላክ፣ ከእነርሱም በኋላ ለሚመጣ ትውልድ ለመታየት ነበር።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ወደ ፊታቸው ቀርቦ የተነሡበትን ፎቶ በእርሳቸው ፈቃድ ለክለቡ አቅርቤ ነበር። ዳኛው በጣም ወደደው። ቀለሙ ፊታቸውን እንዳደመቀው፣ የበዓል ስሜትም እንዳለው ተናግሮ ከ10 ነጥብ 9 ሰጠ። እዚህ ያላችሁ እናቶች ሁሉ ነጠላ የሚዘቀዘቀው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ሐዘን ላይ ነበሩ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ብርሃኑና ስለ ቀለሙ የተናገረውም ልክ ነው። ነገር ግን ፎቶው የሚናገረውን ቋንቋ አያውቅም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ፊደሉን እንጂ ንግግሩን ሊያርም አይችልም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። የኒው ዮርክ የካሜራ ክለብ ሁለት ማኅበራት ተዋሕደው በ1896 ሲቋቋም ዋና አንቀሳቃሹ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ነበር። የክለቡንም መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ሆኖም ክለቡ ከጊዜ ማሳለፊያ አልፎ እንዲሄድለት ሲፈልግ ከብዙዎቹ አባላት ጋር ስላልተስማማ በ1902 ከጥቂት ሰዎች ጋር የራሱን ቡድን አቋቋመ። ፖል ስትራንድ የተባለው ወጣት ደግሞ በዚያው ክለብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶውን እያጠበ ሙያውን ተማረ። ፎቶዎቹን ይዞ ወደ ስቲግሊትዝ ሲሄድ ስቲግሊትዝ አንድ ነገር ነገረው፦ በዚያን ጊዜ የተወደደው አለስላሽ ሌንስ ሣሩንም ውኃውንም ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት ያስመስለዋል አለው። ስትራንድ ምክሩን ተቀብሎ መንገዱን ለወጠ። ስቲግሊትዝም በ1917 የወጣውን የራሱን መጽሔት የመጨረሻ ዕትም ለስትራንድ ሥራዎች ሰጠ። ከዚህ የምንረዳው፣ ክለቡ ለስትራንድ ጨለማ ክፍልና ሙያ እንደሰጠው፣ ያሻገረው ግን እውነቱን የነገረው አንድ ሰው እንደሆነ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የጥቁር አሜሪካውያኑ ነው። በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺዎች ተሰባስበው ካሞይንጌ የተባለ ቡድን አቋቋሙ። ስሙ ከኬንያ ኪኩዩ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን አብረው የሚሠሩ ሰዎች ማለት ነው። የመጀመሪያው መሪያቸው ሮይ ዲካራቫ ነበር። ቤት ለቤት እየተሰበሰቡ አብረው ይበሉ ነበር፤ ከዚያም ፎቶዎቻቸውን ዘርግተው ያለ ርኅራኄ ይተቻቹ ነበር። ሙያ ስላልነበራቸው አይደለም የተሰበሰቡት፤ የሐርለምን ሰው እንደሚያውቀው ሰው አይቶ የሚተች ስላጡ ነው። ሥራዎቻቸው በ2020 እዚሁ አጠገባችን ሪችመንድ በሚገኘው የቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተው ቀጥሎ ወደ ኒው ዮርክ ሄደዋል።

ለዚህ የሚበቃ ምክንያት ነበራቸው። ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ካርዱም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች በአንድነት ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የጥቁር ሰው ፊት በፎቶ የሚጨልመው ፊቱ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን መለኪያው ከሌላ ሰው ፊት ስለተነሣም ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። በባቡር ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረው ጎርደን ፓርክስ በ1942 በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ ሊሠራ ወደ ዋሽንግተን መጣ። አለቃው ሮይ ስትራይከር መጀመሪያ ካሜራውን አስቀምጦ ከተማውን እንዲያይ ላከው። ፓርክስ ምግብ ቤትም፣ ሲኒማም፣ ሱቅም እየተከለከለ ተመለሰ። በኋላም ስትራይከር በዚያው ሕንፃ ውስጥ የምታጸዳውን ኤላ ዋትሰን የተባለች ሴት እንዲያነጋግር መከረው። ፓርክስ ሕይወቷን ጠየቃት፤ መጥረጊያዋን ይዛ ከአሜሪካ ባንዲራ ፊት ለፊት አቁሞም አነሣት። በዚያ አልበቃውም፤ ለሳምንታት ወደ ቤቷና ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አብሯት ሄደ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያ ፎቶ ሴትዮዋን መሐል ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ያሳያታል። ልክ እንደ ፎቶ ቤታችን ማለት ነው። ከሁላችንም መሐል ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ እናቶች ያሏችሁ ብዙዎች ናችሁ። ለመሆኑ እነርሱን በሥራቸው ቦታ ማን አንሥቷቸዋል?

እኛስ ምን እናድርግ?

የምሰጠው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ፎቶ የሚወዱ ልጆቻችን በየአካባቢያቸው ያለውን የካሜራ ክለብ ይግቡ፤ ሁለት ዓመት ሙያውን ይቅሰሙ። የዓመቱ መዋጮ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹም አዲስ ሰው ሲመጣ ይወዳሉ። ነገር ግን የተማሩትን ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ። ማኅበራችን ከ6 እስከ 10 ሰው ያለበት የራሱን የፎቶግራፍ ክበብ ያቋቁም።

በራሳችን ክበብ ግን አንድ አደጋ አለብን፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ፈረንጁ ዳኛ ፊት ለፊት «ይኸ አልተሳካም» ሲል እኛ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብለን እናልፋለን። «ቆንጆ ነው» የሚል ቃል ብቻ የሚሰማበት ክበብ የቡና ማኅበር ይሆናል። ቡናው ክፋት የለውም፤ ፎቶው ግን ባለበት ይቆማል።

እውነትን በፍቅር መናገር ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤታችንን እናስታውስ። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም የተበላሸውን ያርማሉ፤ የማይሆን ከሆነም ይመልሱታል። ተማሪው በሚቀጥለው ቀን ሌላ ይዞ ይመጣል። ብቻውን ተቆጥሮ በሰው ፊት ያልተነገረ ቅኔ አይታረምም። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ክበቡ በእነዚህ ደንቦች ቢመራ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንሰብሰብ። እያንዳንዱ ሰው በወረቀት የታተሙ ሦስት ፎቶዎች ይዞ ይምጣ። በስልክ ማሳየት አይቻልም፤ ስልክ ሁሉን ነገር ያሳምራልና።

ሁለተኛ፣ ያነሣው ሰው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ይበል።

ሦስተኛ፣ ነጥብ አይሰጥ፤ «ቆንጆ ነው» ማለትም ይከልከል። ተናጋሪው መጀመሪያ ያየውን፣ ቀጥሎ ሊያይ ፈልጎ ያጣውን ይናገር።

አራተኛ፣ በየስብሰባው አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አብረውን ይቀመጡ። ካሜራ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ነጠላው ለምን እንደተዘቀዘቀ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

አምስተኛ፣ የማንኛውም ፎቶ ጀርባ ላይ የተነሣው ሰው ሙሉ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። ማኅበራችን የተመሠረተበት ቀን የተነሣው ፎቶ በቢሮአችን ተሰቅሏል። ገና 10 ዓመቱ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ መጽሔት ስም ሊጻፍበት ሲፈለግ ማንነታቸው ያልታወቀ አራት ሰዎች ተገኝተዋል። 50 ዓመት ሲሞላውስ?

ስድስተኛ፣ ክበቡ የመጀመሪያ ዓመት ሥራው አድርጎ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆነ አባሎቻችንን ሁሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ በየቤታቸው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ያንሣ። አንዱ ፎቶ በፈለጉት ልብስና አቋቋም፣ አንዱ ደግሞ በሥራቸው ወይም በዕለት ኑሯቸው ላይ ይሁን። ታትሞም ለራሳቸው ይሰጥ። ስለ ፎቶው የመጨረሻ ዳኞች እነርሱ ይሁኑ፤ አልወደድነውም ካሉ እንደገና ይነሣ።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኡበር ከመጣ ወዲህ ለታክሲ ነጂ የተረፈው ነገር ጊዜ ስለሆነ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ተመዝግቤያለሁ። አምስት ሰው ይጨመርልኝ። መዝገቡ በር ላይ ካለችው እኅታችን ዘንድ ይገኛል፤ ከሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሑድ ጀምሮ ሥራ እንጀምራለን።

 ማኅበራችንን ለ20ኛው ዓመት፣ አረጋውያኖቻችንንም በጤና ለዚያ ቀን ፎቶ ያድርስልን።